ማን አለበት? ስንት ይከፍላል?

ለንደን ውስጥ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ (ፈረንጆቹ 7 ይሉታል) ገና ከአልጋው ሳይወርድ ስልኩን የሚጎረጉር ሰው ካያችሁ ፌስቡክ ላይ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። አክሲዮኑ ምን ዜና ይዞለት እንደመጣ እያየ ሊሆን ይችላል። ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖቻቸው የሚያወጡትን መግለጫ ብዙውን ጊዜ የሚለቁት በዚያች ሰዓት ነው። ገበያው የሚከፈተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በመሀል ጡረተኛውም፣ የአይቲ ሠራተኛውም፣ አውቶቡስ ነጂውም ተንታኝ ይሆናል።

እኔን የሚገርመኝ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ነገር አይደለም። ኤይም የሚባል የትንንሾች ገበያ አለ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የተከፈተ። እዚያ ሶፍትዌር ሠርተው ለሆስፒታል፣ ለማዘጋጃ ቤት፣ ለሱቅ የሚሸጡ፣ የቢሯቸው ጎረቤት እንኳ በስም የማያውቃቸው ድርጅቶች አሉ። ትልልቆቹ ፈንዶች በጣም ትንንሾቹን ዞር ብለው አያዩዋቸውም። ስለዚህ እነሱን አገላብጦ የሚያይ፣ በእነሱ የሚጣላ ተራው ሰው ነው።

ጠቡ ደግሞ የዋዛ አይደለም። አንዱ «ዘንድሮ አትርፏል» ይላል። ሌላው «የፕሮግራመሮቹ ደሞዝ የት ገባ?» ብሎ ያፈጥበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። በሂሳብ አያያዝ ሕጉ መሠረት፣ አዲስ ምርት ለመሥራት የወጣ ደሞዝ መሥፈርቱን ካሟላ የዚያ ዓመት ወጪ ተብሎ አይቀነስም። እንደ ንብረት ይመዘገብና በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይቀነሳል። ሕጋዊ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ግን ኩባንያው ወረቀት ላይ እያተረፈ ባንክ ያለው ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የነቁት ትርፉን ያልፉትና ጥሬ ገንዘቡን ያያሉ። ከገቢው ስንቱ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ነው? ስንቱ አንዴ ተሽጦ ያለቀ? አንድ ትልቅ ደንበኛ ቢሄድ ምን ይቀራል? ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ወር የራሱን አክሲዮን ለምን ሸጠ? ይህን ሁሉ የሚጠይቀው የሦስት ሺህ ፓውንድ አክሲዮን ያለው ሰው ነው!

ይህ ሁሉ ንባብ ግን ከመበላት አያድንም። ግሎቦ የሚባል የግሪክ የሞባይል ሶፍትዌር ኩባንያ ኤይም ላይ ነበር። የሂሳብ መዝገቡን ብታዩት ዕድገቱ የሚያስቀና፣ ጥሬ ገንዘቡ የተትረፈረፈ። አንዳንዶች «ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ለምን በከባድ ወለድ ሊበደር ይሮጣል?» ሲሉ ነበር። ይህን ለመጠየቅ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የአክሲዮኑ ወዳጆች ግን ጠያቂውን ዋጋው እንዲወድቅለት የሚመኝ ጠላት አደረጉት። በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ኩዊንቴሴንሻል የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ምርመራውን ይዞ ወጣ። በቀናት ውስጥ ዋና ሥራ አስፈጻሚው የሂሳብ መረጃ መጭበርበሩን አምኖ ለቀቀ። ኩባንያው ፈረሰ። የባለአክሲዮኖቹም ገንዘብ አብሮ ሄደ።

ወደ አገር ቤት ልምጣ። ታላቅ እህቴ ደውላ የአንድ ባንክ አክሲዮን ልትገዛ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔም እዚህ የለመድኩትን ጀመርኩ፤ «የማይመለስ ብድሩ ምን ያህል ነው?» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ጀመረህ! አታሟርትብኝ» አለች። «እነማን እንዳሉበት ብታውቅ እንዲህ አትልም።»

እኛ ጋ ጥያቄው ሁለት ነው። ማን አለበት? ስንት ይከፍላል? በሁለተኛው አልስማማም። ባንኩ «30 ፐርሰንት የትርፍ ድርሻ ከፈልኩ» ሲል ብዙውን ጊዜ በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ አስልቶ ነው። የ1,000 ብሩን አክሲዮን ከሌላ ሰው ላይ በ2,000 ብር ለገዛ ያው 300 ብር 15 ፐርሰንት ነው። የኑሮ ውድነቱን ደግሞ ከላዩ ቀንሱለት።

በመጀመሪያው ግን አልፈርድም። የሚነበብ ሰነድ እንደልብ በማይገኝበት አገር ሰው ከማየት ሌላ ምን አማራጭ አለ? ደግሞ ገዝተህ ካልተመቸህ መሸጡ ራሱ ሥራ ነበር። ገዢ በሰው በሰው ታፈላልግ ነበር፣ ከዚያ ባንኩ ድረስ ሄደህ ስም ታዛውራለህ። በየቀኑ የሚታይ ዋጋ አልነበረም። ዋጋ ከሌለ ምኑን እንከራከርበታለን? በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ ነበር። ደርግ ድርጅቶቹን ሲወርስ እሱም አብሮ ቀረ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው።

የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ጊዜ ጥሩ ክርክር እንሰማለን ብዬ ነበር። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር፣ በቴሌብር። በየካቲት 2017 ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው፤ ገዢዎቹ ከ47 ሺህ በላይ፣ ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር። 300 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ? ከማውቃቸው ሰዎች ይህን የጠየቀ አልገጠመኝም። የሰማሁት «ቴሌ ይከስራል እንዴ?» የሚል ነው። (እኔማ ከጨዋታው ውጪ ነበርኩ። ለኢትዮጵያ ዜጋ ብቻ ነበር፤ የኔ ፓስፖርት ደግሞ የእንግሊዝ ነው።)

አሁን የማስበው ስለ ሶፍትዌር ልጆቹ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው፣ በቤተሰብና በጓደኛ ገንዘብ የሚሠሩ ጎበዞች አሉ። አዲሱ ገበያ ለትንንሽና ለታዳጊ ድርጅቶች የሚሆን ክፍል አለው። አንድ ቀን አንዱ እዚያ ይገባል። ያኔ የኛ ባለአክሲዮን መጀመሪያ «ሕንፃው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እስከ ዛሬ አክሲዮን ሲገዛ ዓይኑን የጣለው ፎቅ ላይ ነዋ! ልጁ ግን የሚያሳየው ኮዱን፣ ሃያ ሠራተኛና ጥቂት ደንበኞቹን ነው። ሂሳቡም እንደ እንግሊዞቹ፣ ደሞዙን ንብረት ያደረገ ይሆናል። ብንማርበት ብዬ የምመኘው እዚያ ጋ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ አንዱ እጁን አውጥቶ «የፕሮግራመሮቹ ደሞዝ የት ገባ?» ቢል ሰብሳቢው መልስ ይሰጠዋል ወይስ «ሰዓት የለንም» ብሎ ያልፈዋል?