ከላይ ወደ ታች የተነሳ ፎቶ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ ጉዳይ ልፈጽም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ መግቢያው ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፎ አየሁ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠች ወጣት ወደ ላይ አንጋጣ ታያለች። ፎቶ አንሺው ቆሞ ስላነሳት ዓይኖቿ ገዝፈው፣ ትከሻዋና እግሮቿ አንሰዋል። ከፖስተሩ ጠርዝ ሁለት እጆች ወደ እርሷ ተዘርግተዋል፤ ባለቤታቸው አይታይም። ከሥር በደማቅ ቢጫ «አካል ጉዳተኞችን እንርዳ» ተብሎ ተጽፏል። የምፈልገው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለም። በክራንቼ ደረጃውን ስወጣ ሁለት ሰዎች «አይዞህ» አሉኝ፤ ሦስተኛው ሳይጠይቀኝ ክንዴን ያዘና ሚዛኔን አሳተኝ።

በሕፃንነቴ ፖሊዮ ቀኝ እግሬን ስለያዘኝ ደረጃ ለእኔ አዲስ አይደለም። ያን ዕለት ከውስጤ አልወጣ ያለው «እንርዳ» የሚለው ቃል ነው። ረጂዎቹ «እኛ» እነማን ነን? ተረጂውስ ማን ነው? ያ ፖስተር እኔን አያናግረኝም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ ስለ እኔ ከሌላ ሰው ጋር ያወራል። መወጣጫ ያላበጀልኝ መሥሪያ ቤት በዚያች አንዲት ቃል ረጂ ሆነ፤ አገልግሎት ፈልጌ የመጣሁት እኔ ደግሞ ተረጂ ሆንኩ።

ምጽዋትን አልነቅፍም። እኔም ያደግሁት እናቴ ከመሶቧ ቆርሳ ደጅ ለቆመ ሰው ስትሰጥ እያየሁ ነው። ቋንቋችንም ለዚያ ሰው የሰጠው ስም «የኔ ቢጤ» የሚል ነው፤ እኩያዬ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ማለት ነው። ፖስተር ሠሪዎቻችን ቢያንስ ይህን ያህል ክብር ቢያስታውሱ ምን ነበረበት?

በፖስተር ማሳዘን የተጀመረው እኛ ጋ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፖሊዮን ለመዋጋት የተቋቋመው ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለ ድርጅት እግራቸው እንደ እኔ የሆነ ሕፃናትን ፎቶ በየከተማው እየለጠፈ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። በዚያ ገንዘብ የተደገፈው የጆናስ ሳልክ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1955 ይፋ የሆነውን ክትባት አስገኝቷል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን ፖስተር ላይ ያለ ልጅ አያድግም። ፖሊዮ የያዛቸው ልጆች ግን አደጉ፤ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ቤት፣ ትዳር ፈለጉ። ያን ጊዜ አገሩ ለእነርሱ ያዘጋጀው በር አልነበረም፤ ሰውም የሚያውቃቸው አሳዛኝ ሕፃናት አድርጎ ነበር።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኤድ ሮበርትስ ነው። በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ አደረገው፤ ሌሊት የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነበር። አካል ጉዳተኞችን ለሥራ የሚያበቃው የካሊፎርኒያ ግዛት የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ሥራ ሊሠራ አይችልም ብሎ ድጋፍ ነፍጎት ነበር። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መኝታ ቤቶቹ ስላልተመቹት በግቢው ሆስፒታል ውስጥ ኖሮ ተማረ። በ1972 ከጓደኞቹ ጋር አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩትን ማዕከል በርክሌይ ውስጥ አቋቋመ፤ በ1975 ደግሞ አይሠራም ያለው የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

የሮበርትስን ታሪክ ሳነብ የቆየሁት ሹመቱ ላይ አይደለም። እኛ «ራሱን የቻለ» የምንለው የማንንም እጅ የማያይ፣ ማንንም የማያስቸግር ሰው ነው። በዚህ መለኪያ ሮበርትስ መቼም ራሱን አልቻለም፤ ሸሚዙን የሚቆልፍለት፣ ምግቡን የሚያጎርሰው ሰው ያስፈልገው ነበር። ሆኖም ረዳቱን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም፣ መቼ ተነስቶ የት እንደሚሄድ የሚወስነውም እርሱ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ «በራስ መኖር» ያሉት ይህን ነው። ሰው ሆኖ የሌላውን እጅ የማይፈልግ የለም፤ እኔም አንተም ልብሳችንን የሰፋው ሌላ ሰው ነው። ልዩነቱ ውሳኔው የማን እንደሆነ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19ም ይህንኑ ይላል፦ አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት አለው።

መሬት ላይ ያለውን ልንገራችሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ጓደኛዬ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ ለብቻዋ ልትኖር ቤት ስትፈልግ አብሬያት ዞሬያለሁ። ደመወዝ አላት፤ ስድስት ወር አስቀድማ ልትከፍል ተዘጋጅታለች። አንዲት ባለቤት እጅግ ደግ ሴት ናቸው፤ ቡና አፍልተው አስተናገዱን። ከዚያ የጓደኛዬን እጅ ይዘው፣ «የኔ ልጅ፣ ሌሊት ብትወድቂ እኔ ምን ይውጠኛል? እናትሽ አብራሽ የምትገባ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ግቢ» አሏት። ጓደኛዬ የ34 ዓመት ሴት ናት። በሩን ስንወጣ ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ያለውን እምቢታ ለመሞገት ቃል ያጥራል፤ ቢሰድቡን ይቀለን ነበር። እኚያ እናት ይህን ከየት ተማሩት? ከክፋት አልተማሩትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት አካል ጉዳተኛ ወደ ላይ የሚያንጋጥጠው ብቻ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ፖስተር ትንሽ ነገር ነው የሚሉኝን አልቀበልም። የቤት ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የራሷን በር የምትቆልፍ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ሴት፣ ፎቶው በዓይኗ ትክክል ከፍታ ተነስቶ፣ አንዲት የቤት ባለቤት በየቀኑ በምታልፍበት ግድግዳ ላይ ብታየው ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። በምልክት ቋንቋ እየተከራከሩ የሚስቁ ጓደኛሞች፣ በነጭ በትሩ መንገድ የሚያሳይ ዓይነ ስውር አባት ከነልጁ። ዓይነ ስውራን ፖስተር እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ ለእነርሱ መልእክቱ በሬዲዮ እና በብሬል መድረስ አለበት፤ ዋናው ግን ሥራው ሲታቀድ አብረው መቀመጣቸው ነው።

በሌላው ዓለም «የአካል ጉዳተኝነት ኩራት» የሚሉት አለ። በእኛ ጆሮ ኩራት ሁለት መልክ አለው፤ ኩሩ ሲባል ይወደዳል፣ ኩራተኛ ሲባል ይጠላል። ለእኔ የሚቀርበኝ አንገትን ማቅናት የሚለው ነው። እግሬ ቀጭን ነው፤ በክራንቼ እሄዳለሁ፤ በዚህ አንገቴን የምደፋበት ምክንያት የለኝም። ልጄ ትምህርት ቤት ሳደርሳት ከበሩ ሃምሳ ሜትር ቀደም ብዬ «ከዚህ ግቢ» እላት የነበረው አንገቴን ስደፋ ነው። አሁን እስከ በሩ እሸኛታለሁ።

ከጓደኛዬ ጋር ተነጋግረን በራሳችን ገንዘብ አርባ ፖስተር አሳተምን። ፎቶ የለውም። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉትም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ይህንኑ በትልልቅ ፊደል ጻፍነው፤ ከሥሩ «እኛም ባለጉዳይ ነን» አልን። የመጀመሪያውን የለጠፍነው ከዚያው መሥሪያ ቤት ደረጃ ሥር፣ ከቢጫው ጽሑፍ አጠገብ ነው።

ጥበቃው መጥቶ ማን እንደፈቀደልን ጠየቀን። ከዚያ ዝም ብሎ አነበበው። ጣቱን የአዋጁ ቁጥር ላይ አሳርፎ፣ «ይህ እውነተኛ ሕግ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት፤ በሥራ ላይ ከዋለ ብዙ ዓመት ሆኖታል አልኩት። ወደ ደረጃው ዞሮ አየና፣ «እናቴ ጉልበቷን ታማ እዚህ መጥታ ሳትወጣ ተመልሳለች» አለ። አለቃው እስኪያዘው ድረስ እንደማያነሳው ነገረን። የዛሬ ሳምንት ሳልፍ አሁንም ነበር፤ አንዱ ጥግ ተላቆ ስለነበር በፕላስተር አጥብቄው ሄድኩ።