ጥፋቱን በአዘጋጆቹ ላይ መጫን አይገባም
«አዘጋጆቹ መንገዱን በከባድ መኪና ቢዘጉት ኖሮ የቫንኩቨሩ እልቂት ባልደረሰ ነበር» የሚለው ስለ እልቂቱ የወጣው ጽሑፍ አባባል አልተዋጠልኝም። በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ አንድ ሰው በዓል በሚያከብር ሕዝብ መሃል መኪና ነድቶ ነው ሰው የፈጀው። ኤፕሪል 26 ቀን 2025 የፊሊፒኖች ጀግና የላፑ ላፑ መታሰቢያ በዓል ከመከበሩ በፊት የስጋት ግምገማውን ያካሄዱት ፖሊስና የከተማው አስተዳደር ናቸው፤ ከባድ መኪና በመከለያነት ማቆም አያስፈልግም ያሉትም እነሱው። ታዲያ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ከፖሊስ በላይ ምን ሊያውቅ ኖሯል? እኔ ራሴ በምኖርበት የሰሜን አሜሪካ ከተማ በሐበሾች በዓል ላይ መግቢያ ጠብቄ አውቃለሁ። የተሰጠን አንድ የእንጨት አጥርና ቢጫ ፕላስቲክ ገመድ ብቻ ነበር (ገመዱንም ነፋስ ሁለት ጊዜ በጥሶታል)። የምግብ መኪኖች ከግራና ከቀኝ ሲደረደሩ መሃሉ ቦይ ይሆናል፤ በአንድ እጁ ሳህን ይዞ በሌላው የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው መኪና ቢመጣበት ወዴት ይሸሻል? ቫንኩቨር ላይም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሆነው ይኸው ነው፤ 11 ሰው አለቀ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሳይቀር። ከላይ በአስተያየትህ የመኪናውን ነጂ «አሸባሪ ነው» ብለህ የጻፍከው ወንድሜ፣ ፖሊስ ሽብር እንዳልሆነ በማግስቱ ተናግሯል፤ ተጠርጣሪው በአእምሮ ሕክምና ክትትል ሥር የነበረ ነው። ፖሊስ እስኪደርስ ይዘው ያቆዩትም እዚያው የነበሩ ሰዎች ናቸው።