«ኃይለኛ ውሻ አለ» መባሉ ባለቤቱን ነጻ አያወጣም

በሐዋሳ አዳዲስ መንደሮች በእግሩ የሚዘዋወር ሰው በየብረት በሩ ላይ የሚያነበው አንድ ነው፦ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። ከበሩ ጀርባ ያለው ብዙውን ጊዜ ጀርመን ሼፐርድ ወይም ከእሱ የተዳቀለ ትልቅ ውሻ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ባለቤቱን ብትጠይቁት እንግዳ ባየ ቁጥር ሰንሰለቱን ሊበጥስ እንደሚደርስ በኩራት ይነግራችኋል። ይህን ጥበቃ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ከተማችን ሜዳ በመሆኑ ብስክሌቱ ብዙ ነው፤ ባጃጁ ደግሞ ይብሳል። የታሰረው ውሻ በእያንዳንዱ ላይ ይጮኻል፣ ብስክሌተኛው መንገዱን ይቀጥላል፣ ውሻው ግን ያባረረው እሱ ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ የሚማረው ይህንኑ ነው። ለሚያልፈውም ለሚገባውም እኩል ስለሚጮኽ ቤተሰቡ ጩኸቱን መስማት ትቷል። ሌባ የመጣ ሌሊት የሚሰማው ድምፅ ከቀኑ በምን ይለያል?

ቡችላ ዓለምን የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እኛ ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ «ሰው እንዳይለምድ» ብለን ጓሮ እንደብቀዋለን! ክትባቱን እስኪጨርስ መሬት ለመሬት ማንሸራሸሩ ቢያሰጋ እንኳ አቅፎ መናኸሪያውን፣ ጃንጥላ የያዘውን፣ ኮፍያ ያደረገውን ሰው ማሳየት ይቻላል።

ላደገ ውሻ ቁልፉ ርቀት ነው። በማሰሪያ ይዛችሁት ውጡና ብስክሌተኛውን አይቶ ገና ጸጥ ባለበት ርቀት ላይ ቁሙ፤ እንዳየው ወዲያው አንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ጉበት ስጡት። ለቀናት ይህንኑ እየደገማችሁ ጥቂት ጥቂት ቅረቡ። አፉን ገጥሞ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ጅራቱን ካደረቀ በጣም ቀርባችኋልና ወደ ኋላ መመለስ ነው። ቤት የሚመጣ እንግዳም እጁን አይዘርጋ፣ ዓይን ለዓይንም አይግጠመው፤ ውሻው ራሱ መጥቶ ያሽትት። ሲያጉረመርም መምታት ግን ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ያስተዉት ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ሊጀምር ይችላል።

«ታዲያ ጠባቂነቱ አይጠፋም?» ይሉኛል። አይጠፋም። ጀርመን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1899 እንደ ዝርያ መመዝገብ ሲጀምር የበግ እረኛ ውሻ ነበር፤ ከሰውና ከመንጋ መሃል እየዋለ ነገር የሚለይ። እንዲህ የለመደ ውሻም መጮኽ ሲገባው ይጮኻል፤ ባለቤቱ «በቃ» ሲለው ዝም ይላል።

ሕጉም ቢሆን የበሩን ጽሑፍ እንደ ይቅርታ አይቆጥርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት ከቁጥጥር ቢያመልጥም እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ንክሻ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ትልልቅ ዝርያዎች ይከልከሉ የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። አልስማማም፤ ክልከላው ሰንሰለቱንም ዱላውንም እንዳለ ትቶ ውሻውን ብቻ ይቀይራል። ቀበሌው የክትባት ወረቀትና ክፍተት የሌለው አጥር ይጠይቅ፤ ቆጣሪ አንባቢው በር ሲያንኳኳም ባለቤቱ ውሻውን በእጁ ይዞ ይውጣ።