ለግቢያችን የጋራ ቆጣሪ፤ ስለሚሰጡት ልዩ ቅናሽ

ቁጥር፦ ቢሉ ላይ ያለው
ጉዳዩ፦ ለኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ስለሰጡት ታላቅ ቅናሽ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ቆጣሪ ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ብሬከሩ ባልወረደባቸው ምሽቶች ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሰርቪስ ቤቶቹ መጨረሻ ካለው ክፍል ነው። እርስዎ ዘወትር ከውጭው በር አጠገብ፣ ቆርቆሮ ሳጥንዎ ውስጥ ተቀምጠው ስለሚቆጥሩ፣ የቆጠሩት ወዴት እንደሚሄድ ዞር ብለው አይተው አያውቁም። አልወቅስዎትም፤ የተቀጠሩት ለመቁጠር እንጂ ለመጠየቅ አይደለም። ብቻ ሌላው ዓለም ያልደረሰበትን ቅናሽ እየሰጡ፣ አንድም አመስጋኝ ሳያገኙ እንዳይቀሩ ብዬ ነው።

ግቢያችንን ላስታውስዎ። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፣ ስድስት ደጃፍ። አንዱ የአከራያችን የጋሼ ትልቁ ቤት ነው። ሁለቱን ክፍል ፔዳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ይዘዋቸዋል፤ ያላቸው ንብረት አምፖል፣ ስልክና ብዙ ወረቀት ነው። አንዱን እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ እህታችን፣ አንዱን ባለ ባጃጁ፣ የመጨረሻውን እኔ። ቢል ሲመጣ ለስድስት ይካፈላል። ሕጉ አጭር ነው፤ ደጃፍ ያለው ይከፍላል።

ጋሼ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ዕለት እልል ብለን ተቀብለናል፤ በግም ታርዷል፣ አልክድም። መኪናዋ ማንጎው ሥር ቆመች፣ በሳሎኑ መስኮት በኩል ገመድ ወረደላት። ደጃፍ ግን የላትም። ስለዚህ አትከፍልም።

እርስዎ ቁጥር ስለሚወዱ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እንዲህ ያለች አነስተኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች። ጋሼ በቀን 40 ኪሎ ሜትር አያንሳቸውም፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያልዞሩበት መንገድ የለም። አዲሱን የአባይ ድልድይማ ለመሻገር ብቻ ብለው ሲሻገሩ፣ ከዚያ ደግሞ ለመመለስ ብቻ ብለው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። በወር 1,200 ኪሎ ሜትር ማለት 180 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለስድስት ሲካፈል የጋሼ ድርሻ 30 ይሆናል። የቀረው 150 የእኛ ነው። ተማሪዎቹ በስልካቸው አስልተውታል፤ ቅናሹ 83 በመቶ ይመጣል። ባለ ባጃጃችን ለራሱ ቤንዚን ሲሰለፍ ያድርና፣ ጠዋት መጥቶ ለጋሼ መኪና መብራት ይከፍላል።

ለማነጻጸር ያህል ሌላው አገር ምን እንደሚሰጥ አነበብኩ። ያሳዝናል። እንግሊዞች ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢኮኖሚ ሰቨን የሚሉት ታሪፍ አላቸው፤ ሌሊት ለሰባት ሰዓት መብራት ይረክሳል። መጀመሪያ ሰው ቤቱንና ውሃውን በርካሹ ሰዓት እንዲያሞቅ የታሰበ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ሐሳብ ለመኪና አውለውታል። ካሊፎርኒያ ላይ ለባለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች የተለየ ታሪፍ አለ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ምሽት ይወደድና ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ አንዳንዱ የመብራት ድርጅት ቤት ውስጥ የሚሰቀለውን ቻርጀር ለገዛ ደንበኛ ከወጪው ከፊሉን ይመልስለታል። አንዳንዱማ «በጭንቅ ሰዓት ቻርጅህን ከሩቅ ላቁመው» ብሎ ያስፈቅድና፣ ለፈቃዱ ገንዘብ ይከፍላል።

ደጎች ሆነው እንዳይመስልዎ። መኪናው ሁሉ ማታ አንድ ላይ ከተሰካ ትራንስፎርመር መቀየር፣ ገመድ ማወፈር፣ ለሁለት ሰዓት ጭንቅ ብቻ የሚሠራ ጣቢያ ማቆም ይመጣል። ደንበኛውን በቅናሽ አባብሎ ወደ ሌሊት መግፋቱ ከዚያ ሁሉ ይረክሳል። እንግሊዞች ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሸጥ የቤት ቻርጀር፣ ባለቤቱ ራሱ ካልቀየረው በቀር፣ በሥራ ቀን ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት፣ እንደገናም ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዳይሞላ ተደርጎ እንዲሸጥ ደንግገዋል። ርካሹ ሰዓት ሲገባ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዳይነሳ እያንዳንዱ ቻርጀር እስከ 10 ደቂቃ ድረስ በዕጣ ይዘገያል። ቻርጀር ተራ ይጠብቃል እኮ ነው የምልዎ!

የእኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይሰካል።

በዚያው ሰዓት እህታችን ምጣዷን ጥዳለች። ሦስት ተኩል ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ይፈልጋል፤ የመኪናዋ ገመድ 10። የጋሼ ፍሪጅና ቴሌቪዥን፣ የእኛም አምፖሎች ሲጨመሩበት ባለ 25 አምፔሩ ብሬከርዎ ትንሽ ያንገራግርና ይወርዳል። ግቢው ድርግም ይላል። እንጀራው ግማሹ ዓይን አውጥቶ፣ ግማሹ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። ያኔ ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ በረንዳው ይወጣሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ማነው ካውያ የሰካው?»

ካውያ ለተከራይ በሳምንት አንድ ቀን ነው የተፈቀደው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ጭራሽ አይታሰብም። ምጣዱም ቢሆን «ብዙ ይበላል» ተብሎ እህታችን በየወሩ ከቢሉ ውጭ ትጨምርበታለች። ምጣድ ይጨመርበታል፣ መኪና ይቀነስላታል። እርስዎ በዚህ ሁሉ መካከል ቀይ መብራትዎን ብልጭ ብልጭ ከማድረግ ሌላ ያሉት ነገር የለም።

አንድ ቀን እህታችን ባጃጅ አጥታ፣ «ጋሼ፣ እስከ ገበያው ባደረሱኝ» ብትላቸው «ቻርጁ ወርዷል» አሏት። ማታ ስንት ሰዓት እንደተሞላች እኮ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያለ እንጀራ ያደረችው በዚያ ምክንያት ነው።

የታሪፉ ነገር ደግሞ አለ። ታሪፉን የሠራው ሰው ለድሃ አስቦ ነበር። እስከ 2016 መጨረሻ በነበረው፣ በወር የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ገደማ ነበሩ፤ ከ500 በላይ የሚፈጅ ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ብዙ የፈጀ በውድ ይክፈል የሚለው አካሄድ ግን እንዳለ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አልቃወምም። ችግሩ መሰላሉን የሚወጣው ቤተሰብ ሳይሆን ቆጣሪ መሆኑ ነው። ስድስት ቤት፣ አንድ እርስዎ፣ አንድ 50። ለየደጃፉ ሲካፈል 8 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን ይደርሳል፤ በእህታችን ምጣድ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አያስጋግርም። መኪናዋ ሳትመጣም የድሃውን እርከን አልፈን ነበር፤ እሷ መጥታ ወደ ላይ አጣደፈችን። ተማሪው በአንድ አምፖል በሀብታም ዋጋ ያጠናል።

መንግሥት ለመኪናዋ ያደረገላትን አልዘነጋሁም። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲታገድ፣ የኤሌክትሪኳ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነሥቶላት በክብር ነው የገባችው። ደግ አደረጉ። እኔም መኪናዋን አልጠላትም፤ ጭስ የላት፣ ጩኸት የላት፣ ማንጎው ሥር ስትቆም ታምራለች። ግን ማበረታቻው ከጉምሩክ ተነሥቶ እስከ ግቢያችን በር ሸኛትና ተመለሰ። ከበሩ ወዲህ ማበረታቻዋ እኛ ነን።

ይህን ባሕር ዳር ተቀምጦ መጻፍ ራሱ ያሳፍራል። የጣና ውሃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ተመርቶ፣ ከ2002 ጀምሮ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ ያሽከረክራል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ አባይ ላይ ከ1956 ጀምሮ ጣቢያ አለ፤ ፏፏቴውም ለዚሁ ብሎ ውሃውን ሰጥቶ ከስቷል። ታች ደግሞ ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ታላቁ ግድብ ባለ 5,150 ሜጋዋት ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ግን እዚህ አላነሣም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አንሥተነው ሰልችቶታል።

አንዳንድ ሰው «የሌሊት ቅናሽ ለፈረንጅ ነው፤ እኛ ውሃ አለን» ይላል። እውነት አለው፣ ግማሽ። ፈረንጅ ሌሊት በነፋስ የሚያመነጨው መብራት ካልተጠቀሙበት ይባክናል፤ ውሃ ግን በሩ ከተዘጋበት እስኪፈለግ ሐይቁ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ነገር ግን የእኛ ጭንቅ ሐይቁ ላይ አይደለም። ከቤታችን ማዶ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ወጥ ሲያሞቅ፣ እንጀራ ሲጋግር፣ ዜና ሲያይ ያቃስታል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ ያድራል። መኪናዋም ያኔ ሥራ የላትም። ሁለቱን ለማገናኘት ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም ነበር።

ነገሩን ለጋሼ በትሕትና አንሥቼላቸው ነበር። «ጋሼ፣ ትንሽ ቆጣሪ ከገበያ ገዝተን በመኪናዋ መስመር ላይ ብናስገባ፣ የበላችው ለብቻው ይታወቅ ነበር» አልኳቸው። እንባ ሊቀድማቸው ምንም አልቀረ። «እንደ አባትና ልጅ ኖረን ኖረን፣ በመካከላችን ቆጣሪ?» አሉኝ። በመካከላችንማ እርስዎ አሉ ልላቸው አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት፤ ኪራይ የሚጨመርበት ወር ነበር።

ሌሊት ይሰኩ ዘንድም ጠየቅኋቸው። «ሌሊት እተኛለሁ» አሉ። መኪናዋ ሰዓት ተሞልቶላት ራሷ እንደምትጀምር ልጃቸው ስክሪኑ ላይ ሊያሳያቸው ሞክሮ ነበር። ጽሑፉ ሁሉ ቻይንኛ ነው። አንዱን ነካ ሲያደርግ መቀመጫው መሞቅ ጀመረ፤ በሚያዝያ፣ በባሕር ዳር። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑን የነካው የለም።

ለደጃፋችን የግል ቆጣሪ ይግባልን ብለን ለሚመለከተው ክፍልም ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ጠየቁን። በጋሼ። እንግዲያው ጋሼ ያመልክቱ ተባለ።

ክቡር ቆጣሪ፣ አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቅናሽዎ ዝና ግቢው ውስጥ እየተሰማ ነው። ተማሪዎቹ «ብንቆጥብም ባንቆጥብም ስድስተኛውን እጅ ነው የምንከፍለው» ብለው ተማክረው ውሃ ማፍያ ገዙ፤ አሁን ሻዩ ከክፍላቸው አይቋረጥም። እህታችን ሁለተኛ ምጣድ እየጠየቀች ነው፤ በአንዱ የምትጨምረውን ለሁለት ብታካፍለው ይረክስልኛል ባይ ናት። እኔም ራሴን አልሸሽግም፤ ካውያዬ ካለ ቀኗ ሁለት ጊዜ ሞቃለች። ባለ ባጃጁማ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር መኖሩን ሰምቶ ዋጋውን ሲያጠያይቅ ሰንብቷል። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ከማደር ይገላግለኛል ይላል፤ ከስድስት አምስቱን እጅ ደግሞ እናንተ ትሞሉልኛላችሁ። በጋሼ ፊት ነው የተናገረው። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ሲያሰሉ አየናቸው፣ በጣት።

በማግሥቱ ማታ አንኳኩተው መጡ። ስለዚያች ከገበያ የምትገዛ ትንሽ ቆጣሪ ትንሽ ብታስረዳኝ አሉ፤ ባጃጁ ላይ የምትሰቀለዋን።

ከሰላምታ ጋር፣
የስድስተኛው ደጃፍ ተከራይ

ግልባጭ፦
ለምሰሶው ትራንስፎርመር፣ ለመረጃ ያህል
ለብሬከሩ፣ ከወዲሁ እንዲዘጋጅ