ለአለቃህ ጥርት ብሎ የሚናገረው አፍህ ለእናቴ ለምን ይታፈናል?

አሁን ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ንዴቱ አልበረደልኝም።

ያን የቢሮ መጠየቂያ መስኮት ታውቁታላችሁ። የመስታወቱ ቀዳዳ ዝቅ ያለች ስለሆነች እማዬ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ሰውዬው ቀና እንኳን ሳይል አጉተመተመ። «አቤት ልጄ?» አለችው። ደገመው፣ ያው ማጉተምተም። «ቢሮ ቁጥር ሰባት ነው ሰባ?» አለች፣ በትህትና።

«እማማ፣ ጆሮዎት አይሰማም እንዴ? ሰባት አልኩ እኮ፣ ሰባት!»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዝም አለች።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። «አቤት ጌታዬ። አዎ፣ ፋይሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሁኑኑ ይዤልዎት እመጣለሁ።» ጥርት ያለ ንግግር! በዚያው መስታወት፣ በዚያው ጫጫታ ውስጥ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ለካ ይችላል!

ስዊድናዊው የቋንቋ ተመራማሪ ቢዮርን ሊንድብሎም እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ ጽፎታል። ተናጋሪ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ሰሚው የሚቸገር ሲሆን ግን አጥርቶ ይናገራል። ጓደኛችሁ ነገሩን ስለሚያውቀው ግማሹን ብትውጡትም ይገባዋል። ቢሮውን አይታው የማታውቅ አሮጊት ግን ከየት ትሙላው?

ጩኸት ደግሞ ማጥራት አይደለም። ሲጮህ የሚጎላው አናባቢው ነው፤ ሰባትን ከሰባ የምትለየው «ት» እዚያው ትቀራለች። ቀስ ማለት፣ መሃል ላይ ፋታ መስጠት፣ ቀና ብሎ ከንፈርን ማሳየት፤ ይኸው ነው። ይሄ ምን ያስከፍላል?

ባለፈውም መድኃኒት ቤት እንዲሁ ነው። ልጅቷ «ከምግብ» ብላ የቀረውን ዋጠችው። በፊት ነው በኋላ? «ተጽፏል እኮ!» እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል እኮ፣ ወገን!

ወያላው እንኳን ይሄ ሁሉ ክላክስ እየጮኸ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ማንም አይሳሳትም። እንዲሰማ ይፈልጋላ። ያኛው ግን እናቴ ብትሰማውም ባትሰማውም ግድ የለውም። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ደግሞ ሰባት ቁጥር ስንደርስ ተዘግቷል። ነገ ጠዋት ያው መስኮት ነው። እማዬ «ተይው፣ ደክሞት ይሆናል» ትለኛለች። ደክሞት ከሆነ ለአለቃውም ይድከመው!