ይድረስ ለክቡር አቶ ሴትባክ

በሰነድ ስምዎ፦ ሕንፃ ሲሠራ ከመሬት ወሰን የሚተው ርቀት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የገዛ መሬታችንን ቆመን ስለማየታችን

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እርስዎ ባስተረፉልን ላይ ተጠጋግተን ደህና ነን።

በቅድሚያ ጨዋነትዎን እናደንቃለን። ሌላው መሬት ነጣቂ አጥር ይገፋል፣ የወሰን ድንጋይ ይነቅላል። እርስዎ ከማስረጃችን ላይ አንዲት ቁጥር አይነኩም። 200 ካሬ ሜትር ይላል፣ 200 ነው። መሥራት ብቻ ነው ያልተቻለው።

ሂሳቡን እንተሳሰብ። ከፊት 5 ሜትር፣ ከኋላ 3፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ወሰዱ እንበል። ለመንገዱ 10 ሜትር ፊት ኖሮት 20 ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ ቦታ 6 በ12 ይቀረዋል፤ 72 ካሬ። ይሁን፣ ይኖርበታል። ያንኑ 200 ካሬ አዙረው 20 ሜትሩን ለመንገዱ ይስጡት፤ የሚተርፈው 16 በ2 ነው። የፊትና የኋላ ግድግዳ 20፣ 20 ሳንቲ ሲወስድ የውስጡ ስፋት 1.60 ይሆናል። ባልና ሚስት ቢኳረፉ እንኳ ጀርባ መሰጣጫ የላቸውም። የማዕዘን ቦታማ በብዙ ደንቦች ባለ ሁለት ፊት ስለሚባል ጎኑም 5 ሜትር ይገብራል፤ 10 በ20 የነበረው 3 በ12 ሆኖ ያርፋል። «ሁለት መንገድ ያየ ነው» ተብሎ ጨምሮ የገዛ ሰው፣ ለካ የጨመረው ለእርስዎ ኖሯል።

ዘርዎን አንክድም። እ.ኤ.አ. በ1915 ኒውዮርክ ላይ ኢኩዊተብል ሕንፃ ከመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሰፈሩን በጥላ ሲሸፍን፣ ከተማዋ በ1916 ሕንፃ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ደነገገች። በ1927 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሮአኖክ ከተማ በመጣ ክርክር እርስዎን ደግፎ ፈረደ፤ ምክንያቱም አቧራ፣ ጫጫታ፣ እሳት፣ ብርሃንና አየር ነበር። እንስማማለን። ታዲያ መስኮት የሌለውና እሳት የሚቋቋም ግድግዳ የጎረቤትን ወሰን ቢነካ ከእነዚህ የትኛው ይጎዳል? ጠባብ ቦታ ላይስ ከወርዱ በመቶኛ ቢወስዱ ምን ይጎድልብዎታል?

የቴፕ ሜትርዎን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። ሰው ከአጥሩ ይለካል፤ እርስዎ ከሕጋዊው ወሰን። አጥሩ 30 ሳንቲ ወደ ውጭ ወጥቶ ከታጠረ፣ 2 ሜትር ያለው 1.70 ሆኖ ይገኛል። ሌላው ብሎኬቱን ልክ 2.00 ላይ ያቆምና 2 ሳንቲ ልስን ሲጨምር 1.98 ይሆናል፤ ለዚያች 2 ሳንቲ ሥራ ይቆማል። ርቀቱ ከግድግዳ ነው ወይስ ከጣሪያ ክፈፍ የሚለካው? በረንዳስ ይቆጠራል? ይህንን የትርጉም አንቀጽ ውስጥ ቀብረውታል፣ ያንን ደግሞ ሰው የሚያነበው ሥራው ከቆመበት በኋላ ነው። ስለዚህ ቀያሽ የወሰን ችካሎቹን ሳያረጋግጥ ሲባጎ አንወጥርም፣ 5 ሳንቲ ለልስንና ለስህተት እንተዋለን፣ መሠረት ከመሞላቱ በፊት ደግመን እንለካለን። ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ የሚለካ ሰው በመዶሻ ነው የሚያርመው።

ከርቀትዎ ለሚያንስ ግንባታ ልዩ ፈቃድ እንደሚሰጡም ሰምተናል። ተዳፋት፣ ጥበት፣ የመሬቱ የራሱ ጠማማነት ምክንያት ይሆናል። «ቤተሰቤ በዛ»፣ «ብረቱን ገዝቻለሁ» አይሆንም። «ሠርቼ ጨርሻለሁ» ግን ከሁሉም ይብሳል፤ በራስ ላይ የመጣ ችግር ይባላል።

በ16 በ2ው ጉዳይ አስቸኳይ ምላሽ እንጠብቃለን። ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ግልባጭ፦
ለጎረቤታችን (መስኮቱ በእኛ በኩል ስለሆነ ሳንጨርሰው አንብቦታል)