ማስተካከያ፦ የተሰበሰበው ንግግሩ ሳይሆን የጥሪው መዝገብ ነው

ባለፈው ሳምንት «የአሜሪካ መንግሥት የዜጎቹን የስልክ ንግግር በሙሉ ይቀዳ ነበር» ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 ያጋለጠው፣ ለስልክ ኩባንያው ቬራይዘን የተሰጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚመለከተው የጥሪ መዝገብን ነው፦ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ ደወለ። ንግግሩ አልነበረበትም።

ያረመኝ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ቡና የሚነግድ ወዳጄ ነው። «ታዲያ ቀላል ነዋ!» ስለው ስልኩን አውጥቶ የአንድ ሌሊት ጥሪዎቹን አሳየኝ፦ 9 ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ለሆስፒታል፣ ንጋት ላይ ለእድር ዳኛ፣ ከዚያ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ። ምን እንደደረሰበት ለማወቅ ድምፅ አላስፈለገኝም።

መንግሥት የጥሪ መዝገብን በጅምላ መሰብሰቡ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ሕግ መቅረቱንም ዘልዬው ነበር። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የስልክ ግንኙነትን ይጠብቃል ያልኩት ግን እንዳለ ነው።